አሮጌ መኪናውን ለሚሸጥ ክርስቲያን የተጻፈ ምክር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ ታነባት ዘንድ እለምንሃለሁ፤ ስለ ገበያ የተጻፈች ብትመስልህም ስለ ነፍስህ የተጻፈች ናትና።

አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ወደ ገበያ በወጣች ጊዜ ዐዋቂ ገዢ አስቀድሞ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ ከጥርሷ ይታወቃልና። ከዚያም በኋላ ታነክስ እንደ ሆነ ለማወቅ ወዲያና ወዲህ ያስኬዳታል። በመጨረሻም፥ «ኮርቻዋን አውርዱልኝ» ይላል። ገጣባ የሚገኘው ከኮርቻ በታች ነውና፥ ኮርቻ የማያስወርድ ገዢ ሞኝ ነው፤ ኮርቻ አላወርድም የሚል ሻጭም የሚሸሽገው ነገር አለው። አባቴ የበቅሎን ገጣባ በቅቤና በጥላሸት ቀብቶ፥ ጠጕሯንም አስተኝቶ፥ በላዩ አዲስ ግላስ ሲጭን በልጅነቴ አይቻለሁ። ገዢውም ደስ ብሎት ይዟት ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ቁስሉ በፈነዳ ጊዜ ግን ሻጩ በዚያ ገበያ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ መጥቶ አዲስ አበባ ከገባ እንኳ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የበቅሎ ገበያ ጠበበ፥ የመኪና ገበያ ሰፋ። የሰው መጓጓዣ ተለወጠ፤ የሻጭ ልብ ግን እግዚአብሔር ካልለወጠው በቀር ያው የጥንቱ ነው። ዛሬም ገጣባ አለ፤ የሚሸፈነው ግን በአዲስ ቀለምና በአዲስ ምንጣፍ ነው።

በአገራችን ይህ ፈተና ከቀድሞው ይልቅ በርትቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ አገር በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ በሌላ አገር ለብረት ማቅለጫ የሚጣል መኪና በእኛ ዘንድ የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ቍጠባ ያወጣል። ገዢው ብዙ ጊዜ ባለጠጋ አይደለም። ዕቁብ የደረሰው ሠራተኛ ነው፤ ከወንድሙ የተበደረ አስተማሪ ነው፤ የባሏን ውርስ የያዘች መበለት ናት። አሮጌ መኪናም ከግለሰብ እጅ በተገዛ ጊዜ በመካከል የሚቆም ነጋዴ የለም፥ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት የለም፤ ከገዢውና ከጥፋቱ መካከል ያለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ቃል ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ አስብ።

ሌላውን ለመገሠጽ ብቻ የጻፍሁ እንዳይመስልህ የራሴን ኀጢአት አስቀድሜ እነግርሃለሁ።

ለብዙ ዓመት መጻሕፍትና በሽተኞች የጫንሁበት፥ ሕዝቡ ቮልስ ብሎ የሚጠራው አውቶሞቢል ነበረኝ። የዚህ ዓይነት መኪና የመጨረሻው በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ተሠርቶ ቀረ፤ የእኔው ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ፥ በዕድሜም እኔን የሚበልጠኝ ነበር። ቮልስ ሞተሩ በስተ ኋላ ነው፥ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ነው እንጂ በውኃ አይደለም፤ ባትሪው ከኋለኛው ወንበር በታች ይቀመጣል። ስለዚህ በባትሪው ዙሪያ ያለው የወለል ላሜራ በአሲድና በርጥበት እየተበላ ይሳሳል። የዚያን ዘመን ፍሬንም ስነግርህ ልብ አድርገህ ስማኝ፤ ነገሩ ሁሉ በእርሱ ላይ ቆሟልና። እግር ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ አንድ ፓምፕ ዘይቱን በአንድ መሥመር ወደ አራቱም ጎማዎች ይገፋዋል። በፓምፑ ውስጥ ያለው ላስቲክ ባረጀ ጊዜ ዘይቱ ወደ ኋላ ያመልጣል፥ ፔዳሉም ከእግር በታች ቀስ እያለ ይሰምጣል። በኋላ የተሠሩት መኪናዎች ፍሬናቸው በሁለት መሥመር የተከፈለ ስለ ሆነ አንዱ ቢጠፋ በሁለተኛው ይቆማሉ፤ የእኔው ግን ሁለተኛ አልነበረውም።

መካኒኩ ይህን አይቶ፥ «መምህር፥ ይህ ፓምፕ መለወጥ አለበት። ለጊዜው ሁለት ጊዜ ቢረግጡት ይይዛል፤ በቁልቁለት ግን አይመኑት» አለኝ። እኔም ገንዘብ እስካገኝ ብዬ ሁለት ሁለት ጊዜ እየረገጥሁ፥ ቁልቁለትም በደረሰ ጊዜ በማርሽ እየያዝሁ ወራት አሳለፍሁ። እግሬ ስለ ለመደው ጕድለቱን ረሳሁት ለማለት እወድ ነበር፤ ነገር ግን አልረሳሁትም።

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር መኪናውን ልሸጥ ባልሁ ጊዜ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሚኖር አንድ ወጣት መጣ። ሁለት ልጆች አሉት፤ በየማለዳው ያን ሁሉ ቁልቁለት ወደ ስድስት ኪሎ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤት ሊያደርሳቸው አስቧል። የወንጌልንም ቃል ለመስማት ገና መጀመሩ ነበር። መኪናውን ዞሮ አየ፥ በሰፈራችን ሜዳ ላይ ጥቂት ነዳው፥ ከዚያም፥ «ጋሼ፥ ፍሬኑስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ይይዛል» አልሁት። በእርግጥም ይይዝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ለሚረግጠው ሰው ይይዝ ነበር። ወጣቱም፥ «እርስዎ የወንጌል ሰው ነዎት፤ ሌላ መካኒክ ማሳየት አያስፈልገኝም» ብሎ 30,000 ብር ቀብድ ቈጠረልኝ። ሊሄድም በተነሣ ጊዜ፥ «ይጸልዩልኝ» አለኝ። እኔም እጄን በመኪናው ጣራ ላይ ጭኜ፥ ይህን ወጣትና ልጆቹን በመንገዳቸው ሁሉ ጠብቃቸው ብዬ ጸለይሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጸሎት አስበው። እግዚአብሔር እንዲጠብቃቸው የለመንሁት እኔው ራሴ ከሸሸግሁባቸው አደጋ ነበር።

በዚያች ሌሊት በቤተ ሰብ ጸሎት ጊዜ የንባቡ ተራ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ነበረ፤ ልጄም አነበበችው። በዚያ ስለ ተዋጊ በሬ የተሰጠ ሕግ አለ። በሬ ድንገት ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይገደላል፥ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው፤ አላወቀምና። ነገር ግን በሬው አስቀድሞ መዋጋት የለመደ እንደ ሆነ፥ ለባለቤቱም ሰዎች ነግረውት ሳለ ሳይጠብቀው ቢቀር፥ የሞተው ሰው ደም በባለቤቱም ላይ ነው። ልጄ አንብባ በጨረሰች ጊዜ ጸሎቱን ላሳርግ አፌን ከፈትሁ፤ ቃል ግን አላገኘሁም። በሁለቱ ባለበሬዎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ብቻ ነውና፤ ይኸውም ዕውቀት ነው። በሬው ያው በሬ ነው፥ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው፤ ያወቀው ግን በደለኛ ሆነ። ለእኔም ነግረውኝ ነበር። «በቁልቁለት አይመኑት» ያለኝ የመካኒኩ ቃል በእኔ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ።

ሲነጋ ለወጣቱ ስልክ ደወልሁለት። በመጣም ጊዜ መኪናው ዘንድ ወስጄ ፔዳሉን አስረገጥሁት፥ እግሩንም ሳያነሣ እንዲቆይ ነገርሁት። ፔዳሉ ከእግሩ በታች ሲሰምጥ በፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «ትናንት ጠይቄዎት ነበር። ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ፓምፑን በራሴ ገንዘብ እንደማሳድስለት፥ ከዋጋውም እንደምቀንስለት ነገርሁት፤ እርሱ ግን ቀብዱን ጠየቀኝ። ጐረቤቴ ይህን ሰምቶ፥ «ቀብድ ሰጥቶ ውል የሚያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ሕጉ ለአንተ ነው፥ አትመልስለት» አለኝ። እውነት ነው፥ ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ነገር ግን ውሉን ያፈረስሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስሁትም «ይይዛል» ባልሁበት ሰዓት ነው። 30,000ውን ብር መለስሁለት፥ እርሱም ሄደ።

ከዚያም በኋላ ፓምፑን አስለውጬ፥ የቀረውንም ጕድለት ሁሉ በወረቀት ጽፌ፥ በሐምሌ ወር ለሌላ ሰው 25,000 ብር አሳንሼ ሸጥሁት። ያ ወጣት ግን አልተመለሰም። በመንገድ ባገኘኝ ጊዜ በትሕትና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ስለ ክርስቶስ ግን ከእኔ አፍ ሊሰማ አይወድም። 25,000 ብር በሌላ ጊዜ ይገኛል፤ የዚያን ወጣት ጆሮ ግን ከወዴት እገዛዋለሁ?

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ስለ መኪናህ የምታውቀው ሁሉ ከመኪናው ጋራ የገዢው ገንዘብ ነው። ቍልፉን ሰጥተህ ዕውቀቱን ብታስቀር የሸጥህለትን ዕቃ እኩሌታውን ሰረቅኸው። ዕውቀቱንም የምትሰጥበት ጊዜ ዋጋ ሳይቈረጥ፥ ቀብድም ሳይቀበሉ ነው። እኔ አንዲት ሌሊት ብቻ ዘገየሁ፤ የአንዲት ሌሊት መዘግየትም ያን ያህል አስከፈለኝ።

የሰው ልብ በዚህ ጊዜ ብዙ ምክንያት እንደሚያመጣ ዐውቃለሁ፤ እኔም ሁሉን አምጥቼ ነበርና።

አንዱ፥ «እኔ አልዋሸሁም፥ ዝም ብቻ አልሁ» ይላል። ወዳጄ ሆይ፥ አባቴም በገበያ አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ የዋሸለት ግላሱ ነው። ገዢው በዝምታህ ውስጥ «ጕድለት የለውም» የሚል ቃል ይሰማል፥ አንተም እንደሚሰማው ታውቃለህ። ሰው እንዲሳሳት ፈቅደህ ዝም ካልህ ዝምታህ ምላስ አለው።

ሌላው፥ «ገዢው ዐይን አለው፥ ይመርምር» ይላል። አዎን፥ ይመርምር፤ መመርመር የገዢ ፈንታ ነው። ነገር ግን አንተ ዐሥር ዓመት ነድተህ ያወቅኸውን እርሱ በዐሥር ደቂቃ እንዴት ያውቀዋል? ሞተሩ በማለዳ እንዴት እንደሚያለቅስ፥ ማርሹ በዳገት እንዴት እንደሚዘል ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛውም፥ «ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፥ እውነት የሚናገር ይከስራል» ይላል። መክሰሱን አልክድም፤ እኔም ከስሬአለሁ። እውነት ብትናገር ወዲያው ሌላ ገዢ በበለጠ ዋጋ ይመጣል ብዬ አላታልልህም። ነገር ግን የጐደለብህ ያ ገንዘብ ከመጀመሪያው የአንተ አልነበረም፤ ገዢው ባያውቅ ብቻ የሚከፍለው ገንዘብ ነበር። የእኛ ሰዎችም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እውነቱ በመንገድ ላይ ከሚጠራ በደጅህ ቢጠራ ይሻላል።

አሁንም በገበያው የተለመዱትን መሸፈኛዎች በስማቸው ልጥራቸው፤ ኀጢአት ስሙ በተጠራ ጊዜ ያፍራልና። ጧት ጧት በችግር የሚነሣ ሞተር ያለው ሰው ገዢው ከመምጣቱ አስቀድሞ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቀዋል። ዘይት የሚያፈስስ ሞተር ያለው በዋዜማው አሳጥቦ አብለጭልጮ ያቀርበዋል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ይህንም የሚያውቅ ሻጭ እጅግ ወፍራም ዘይት ጨምሮ ጭሱን ለጥቂት ቀን ያስታግሠዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፥ ውኃውም ያለ ምክንያት መጕደሉ፥ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንደሚገባ ያመለክታል፤ ሻጩ ግን ራዲያተሩን ሞልቶ ዝም ይላል። ዝገት የበላውን ላሜራ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይቀባዋል። የተገለበጠውን መኪና «ጥቂት ተጭሮ ነበር» ይላል። ኪሎ ሜትር መቍጠሪያውንም ወደ ኋላ የሚያዞር አለ፤ ይህ ሰው የበቅሎን ጥርስ ሞርዶ ወጣት ናት እንደሚል ሰው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋ ግን አንድ መሸፈኛ አለ፤ እርሱም የእግዚአብሔር ስም ነው። «እኔ አማኝ ነኝ፥ እመነኝ» የሚል ሻጭ የጌታውን ስም ደላላ አደረገ። እኔ «አማኝ ነኝ» አላልሁም፤ ነገር ግን ወጣቱ ስለ ወንጌል ብሎ ባመነኝ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀበልሁ፥ በላዩም ጸለይሁበት። ሰው ስለ ክርስቶስ ብሎ ባመነህ ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ፍራ። እንዲያውም፥ «ስለ እምነቴ ብለህ አትመነኝ፤ መካኒክህን አምጥተህ አስመርምር» በለው።

ታዲያ ክርስቲያን አሮጌ መኪናውን እንዴት ይሽጥ? መሸጥ ኀጢአት አይደለም፥ አሮጌ ዕቃ መሸጥም ነውር አይደለም። ለድኻ ሰው እውነተኛ አሮጌ መኪና ከመልካም በረከት አንዱ ነው። እኔ የማደርገውን እነግርሃለሁ።

አስቀድመህ ብቻህን ተቀመጥና የምታውቀውን ጕድለት ሁሉ በወረቀት ጻፍ። የሰውን ሕይወት የሚነካውን በመጀመሪያ አድርግ፤ ፍሬን፥ መሪ፥ ጎማ፥ መብራት። ቀጥሎ ሞተሩን፥ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን፥ ከዚያም ላሜራውንና የቀረውን ጻፍ። መካኒክ የነገረህንና አንተ ያላሠራኸውን አትተው። በመጨረሻም ራስህን፥ «ይህን ወረቀት ገዢው ቢያነብ የምጠይቀውን ዋጋ ይከፍል ነበርን?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «አይከፍልም» ከሆነ ዋጋውን አስተካክል እንጂ ወረቀቱን አትቅደድ። ፍሬኑ ወይም መሪው የማያስተማምን እንደ ሆነ ግን ዋጋ መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ አሠርተህ ሽጠው፥ አለዚያም በሌላ መኪና ተጐትቶ እንዲወሰድ አድርግ። ተዋጊ በሬ በርካሽ ቢሸጥም መዋጋቱን አይተውምና።

ስለ ዋጋውም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 አንድ ጥበብ ተሰውሮ አለ። በእስራኤል ዘንድ መሬት የሚሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ ዓመት ድረስ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ዋጋው በቀሩት የመከር ዓመታት ቍጥር ይለካ ነበር። ብዙ መከር ከቀረ ዋጋው ይበዛል፥ ጥቂት ከቀረ ያንሳል፤ የሚሸጠው በእርግጥ መከሩ ነውና። አሮጌ መኪናም እንዲሁ ነው። የምትሸጠው ያለፈውን አገልግሎቱንና የአንተን ፍቅር አይደለም፤ የቀረለትን ዕድሜ ነው። ገበያው ተወዷል ብለህ ያለቀለትን ሞተር ገና ብዙ መከር እንዳለው አድርገህ አትሽጥ።

ገዢው በመጣ ጊዜ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፥ እርሱም ራሱ ያስነሣው። ምንጣፉን አንተ ራስህ አንሣለት፤ ይህ ኮርቻን ማውረድ ነው። ዳገትም ቁልቁለትም ባለበት መንገድ ይንዳው። እርሱ ወደ መረጠው ጋራዥ ይውሰደው። ወረቀቱንም ሳይጠይቅህ ስጠው፤ ከተስማማችሁም በሁለት ቅጂ ፈርሙበት፥ አንዱ በእርሱ አንዱም በአንተ ዘንድ ይቀመጥ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ስለዚህ ያ ወረቀት ለገዢው ጥበቃ እንደ ሆነ ሁሉ ለአንተም ጥበቃ ነው።

ውሉም የብርሃን ሥራ ይሁን። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 አብርሃም ሚስቱን የሚቀብርበትን ቦታ ከኤፍሮን በገዛ ጊዜ፥ 400 ሰቅል ብሩን በከተማይቱ በር በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት መዘነለት። ሰው ሁሉ ዋጋውን ሰማ፥ ገንዘቡንም አየ። በእኛ ዘመን የከተማይቱ በር የሰነድ ማረጋገጫው መሥሪያ ቤት ነው፤ በዚያ ሁለቱ ሰዎች ፈርመው ሊብሬው በገዢው ስም ይዛወራል። ነገር ግን ብዙ ሰዎች የመንግሥትን ክፍያ ለመቀነስ ሲሉ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ እጅግ ያነሰ ዋጋ ይጽፋሉ። ክርስቲያን ሆይ፥ በመንግሥት ፊት በሐሰት ፈርመህ በእሑድ ቀን ስለ እውነት ብትዘምር ማን ይሰማሃል? ደግሞም ነገሩ ወደ ክርክር በመጣ ጊዜ ወረቀቱ የሚመሰክረው ያን የሐሰት ዋጋ ነው፤ ገዢውም ገንዘቡን ልመልስ ቢል የከፈለውን ሁሉ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ስሙን ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ መኪናውን አስረክቦ መለያየትም በብዙዎች ዘንድ ተለምዷል። ይህም ለሁለቱም ወጥመድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መኪና ስለሚያደርሰው ጕዳት የመኪናውን ባለቤት ኀላፊ ያደርጋል፤ ሊብሬው በስምህ ሳለ አደጋ ቢደርስ አስቀድሞ የሚፈለገው የአንተ ስም ነው። ገዢውም በበኩሉ ሻጩ የሞተ እንደ ሆነ ውክልናው ከሟቹ ጋራ ይቀራል፥ ከወራሾችም ጋራ ይከራከራል። ስለዚህ ስሙ ሳይዛወር ነገሩ አለቀ አትበል። ቦሎው ያለፈበት፥ ያልተከፈለ ቅጣትም ያለበት እንደ ሆነ አስቀድመህ ንገረው። ደላላ በመካከል ቢገባም የደላላው ሐሰት ለአንተ በተሠራ ጊዜ የአንተ ሐሰት ነው፤ «እርሱ ነው ያለው፥ እኔ አላልሁም» ብለህ እጅህን አትታጠብ።

ገዢ የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ አንተም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለህም። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 20 ሲገዛ ዕቃውን የሚያንቋሽሽ፥ ከሄደ በኋላ ግን በግዢው የሚመካ ሰው እንዳለ ይናገራል። ሻጩ በችግር እንደ ተያዘ ዐውቀህ፥ ለመድኀኒት ገንዘብ ፍለጋ እንደሚሸጥ ሰምተህ፥ መልካሙን መኪና «ብረት ብቻ ነው» ብለህ በእኩሌታ ዋጋ ብትወስድ፥ አንተም ገጣባ በሌለበት ገጣባ ፈጠርህ። እውነቱን የነገረህን ሻጭም በእውነቱ አትቅጣው። የነገረህን ጕድለት ይዘህ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ዋጋ አታስወርደው፤ አለዚያ በሌላ ጊዜ ዝም ማለትን የምታስተምረው አንተ ነህ።

ምናልባት ይህን ስታነብ አስቀድመህ የሸጥኸው መኪና ትዝ ብሎህ ይሆናል። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ጌታችን ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ያጭበረበረውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ደስታው ወደ ገንዘቡ ሣጥን ደረሰ፤ ንስሓውም ቍጥር ነበረው። ገዢህን ታውቀው እንደ ሆነ ዛሬ ፈልገው። በፍሬኑ ወይም በመሪው ላይ የሸሸግኸው ነገር ካለ ይህችን ወረቀት ሳታስቀምጥ ደውልለት፤ ሌላው ለነገ ይቆይ ይሆናል፥ ይህ ግን ለነገ አይቆይም። ከዚያም ያተረፍኸውን የዐመፅ ገንዘብ መልስለት። ቢቈጣህ ታገሠው፥ ቍጣው ተገቢ ነውና። እኔም መኪናዬ አደጋ ሳያደርስ በደጄ ሳለ እግዚአብሔር ስለ ነቀፈኝ አመሰግነዋለሁ፤ ለሁሉ ሰው ግን እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት ላይሰጠው ይችላል።

እኔ ክርስቶስን ባወቅሁ ጊዜ ስካርንና ጥንቆላን ተውሁ፥ ሰንበትንም ለጌታ ለየሁ። ሰዎችም፥ «ይህ ሰው ተለውጧል» አሉ። ገበያዬን ግን ከአባቴ እንደ ወረስሁት ለራሴ አስቀርቼው ኖሯል፤ ይህንም በዚያ ግንቦት ወር ዐወቅሁ። አንተስ ወዳጄ ሆይ፥ ለጌታህ ያልሰጠኸው የትኛውን ቀን ነው? ጌታ በጸሎት ቤት የሚያየውን ልብ በጋራዡ ደጃፍም ያየዋል። እርሱ ግላሱን አይመለከትም፤ ኮርቻውን አውርዶ ያያል። ያየውንም ቁስል ሊፈውስ ይወዳል እንጂ ሊሸፍነው አይወድም።

እንግዲህ ገዢው በደጅህ ቆሞ «ፍሬኑስ?» ብሎ በጠየቀህ ጊዜ፥ በእርሱ ኋላ ልጆቹ እንደ ቆሙ፥ ከልጆቹም ኋላ ጌታህ እንደ ቆመ አስብና መልስ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመሸጥና በመግዛት የታመንን እንድንሆን በጸጋው ይርዳን። አሜን።